ሐምሌ ላይ አንድ ኩንታል፣ ጥር ላይ አንድ ተኩል፤ ይሄ አራጣ ነው?

የቄሱ ልጅ (ከቢቸና ወዲህ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ቄስ ነው። ገበሬም ነው። በእኛ አገር ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም፤ ትናንት የቀደሰውን ሰው ዛሬ ሞፈር ተሸክሞ ታገኙታላችሁ። ቤታችን ጎን ጎተራ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር፣ ክረምት ሲገባ ሰው ይመጣል። የሚመጣው ሰው የመጣበትን ወዲያው አይናገርም። "ቄሶች፣ እንደምን አደራችሁ?" ብሎ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ስለ ዝናቡ ያወራል። ስለ በሬው ያወራል። ባለፈው ሳምንት ስለነበረው ለቅሶ ያወራል። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በጆሮዬ "ጆንያ ይዟል?" ትለኛለች። ይዟል። ከጋቢው ስር አጣጥፎ ይዞታል።

አባቴ ጤፉን ይሰፍርለታል። ጥር ላይ፣ አውድማው ሲያልቅ፣ ሰውየው በወሰደው አንድ ኩንታል አንድ ኩንታል ተኩል ይመልሳል። ወረቀት የለም። ሽማግሌ ካለ አለ፣ ከሌለ ማርያም ምስክር ናት። እኔ መጻፍ ከቻልኩ በኋላ ደብተር ያዝኩለት። ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምበላው የሰው እህል እየመዘገብኩ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ግን አባቴ ነበር።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾም ላይ ከከተማ አንድ ወጣት ሰባኪ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንደበቱም ጥሩ ነው። ስለ አራጣ አስተማረ። "በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ተኩል ጨምሮ የሚቀበል ካህን ከክህነቱ ይሻር ብለዋል" አለ። ተኩል። ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመው። ከሕዝቡ አንድም ሰው ወደ አባቴ አልዞረም። የባሰው እሱ ነው። ሁሉም እግር እግሩን አየ።

አባቴ ቤት ገብቶ ምሳ አልበላም። "እኔ ገንዘብ አላበደርኩም፤ እህል ነው ያበደርኩት" አለ፣ ለማን እንደሚናገር ባይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ቁናውን ሰቀለው። ሰኔ ላይ የመጡትን በባዶ ጆንያ መለሳቸው። እነሱስ የት ሄዱ? ከተማ ወዳለው ነጋዴ። እሱ አንድ ሰጥቶ ሁለት ነው የሚቀበለው። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ጥማድ መሬቱን በወለድ አገድ፣ ማለትም ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው አርሶ እንዲበላው፣ ለሌላ ሰው ሰጠ። አባቴ ይሄን ሲሰማ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ የአልጋው ጠፍር ሲንሲያጠጥ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚያ አባቶች በርግጥ "ተኩል" ብለዋል? ያሉትስ እንዲህ ያለውን የክረምት እህል ነው ወይስ ሌላ ነገር? ደግሞ የኢኮኖሚ ታሪክ የተማራችሁ ካላችሁ፣ ይሄ ትርፍ ነው ወይስ ማካካሻ? ደብተሬ ላይ ያለው እንዲህ ነው። አምና ስድስት ሰው አንድ አንድ ኩንታል ወሰደ። አምስቱ ከነተኩሉ መለሱ። ስድስተኛው አልመለሰም፤ የእናቱን ተዝካር አወጣበት አሉ። በእኛ ገበያ የሐምሌ ጤፍ ዋጋ ከጥር ዋጋ በሩብ ያህል ይበልጥ ነበር።

"ሃይማኖትና ገበያ አይቀላቀልም" እንዳትሉኝ ብቻ። የእኛ ጎተራ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

ዘዋሸራ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለአባታችን ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ምሳ ያልበላ ቄስ ሕሊና ያለው ቄስ ነው።

ሰባኪው ዋሽቶ አይደለም። ኒቅያ በፈረንጅ 325 ዓ.ም. ያወጣቸው ቀኖናዎች ሃያ ናቸው፤ ይሄ አሥራ ሰባተኛው ነው። ከካህናቱ ብዙዎቹ በስስት ተይዘው መዝሙሩን ረስተዋል ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ወለድ ይጠራል። አንዱ "መቶኛ" ነው፣ በየወሩ ከመቶ አንድ። ሌላው በግሪክኛ "ሄሚዮሊያ" የሚባለው ነው፤ ቃሉ አንድ ተኩል ማለት ነው። ይሄን የሚቀበል ከክህነት ይወርዳል፣ ስሙም ከመዝገብ ይፋቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ትእዛዙ "ከእንግዲህ ወዲህ" ነው የሚለው። ያለፈውን አይቆጥርም። ይሄን ለአባታችን ንገሪልኝ፣ እንቅልፍ ይወስዳቸው ይሆናል።

ረስተዋል የተባለው መዝሙር በእኛ ቁጥር አሥራ አራተኛው ነው፣ "እግዚኦ መኑ የኀድር ውስተ ጽላሎትከ"። በልጅነቴ በሶ በጥብጬ፣ ውሻ እየተከላከልኩ፣ ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ! በመቅደስህ ማን ያድራል ብሎ ይጠይቅና ከሚያድሩት አንዱ ገንዘቡን በ"ርዴ" ያላበደረ ነው ይላል። ርዴ የግእዙ አራጣ ነው። ያኔ ለእኔ ዜማ ብቻ ነበር፤ ማን ለተማሪ ያበድራል? ቁራሽ የሚሰጥም በስንት ልመና።

"እህል እንጂ ገንዘብ አይደለም" የሚለውን መከላከያ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አባታችን የመጀመሪያው ሰው አይደሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ገንዘብንና እህልን ለይቶ ነው የሚከለክለው። ገንዘብህን በወለድ አትስጠው ይልና ወዲያው መብልህንም በትርፍ አትስጠው ይላል። ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይም ሕዝቡ እህል አጥቶ እርሻውንና ወይኑን አስይዞ ሲጮኽ፣ ነህምያ ባለጠጎቹን መልሱ ያላቸው የገንዘቡን ብቻ አይደለም። የእህሉን፣ የወይኑን፣ የዘይቱን መቶኛም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ጄሮም በቤተልሔም ተቀምጦ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ ሲጽፍ፣ ምዕራፍ 18 ላይ ሲደርስ፣ ልክ የእናንተን ደጃፍ ያየ ይመስል ነበር የጻፈው። አንዳንዶች አራጣ በገንዘብ ብቻ ነው ብለው ያስባሉ ይላል። ከዚያ በገጠር ስንዴ፣ ማሽላ መሰል እህል፣ ወይንና ዘይት እንደሚበደር ይናገራል። ምሳሌውን ስሚ። በክረምት አሥር መስፈሪያ እንሰጣለን፣ በመከር አሥራ አምስት እንቀበላለን። ይኸው ተኩል! ክረምታቸው ብርድ ነው፣ የእኛው ዝናብ፤ ጎተራው ግን አንድ ነው።

አበዳሪውንም አፍ ሰጥቶ ያናግረዋል። አበዳሪው "እኔ አንድ መስፈሪያ ሰጠሁት። ዘራውና አሥር ሆነለት። በእኔ ቸርነት ዘጠኝ ተኩል ተርፎት እኔ ግማሽ ብጨምር ምን በደልኩ?" ይላል። እውነት ነው፣ የቢቸና ገበሬም ከዚህ የተሻለ አይከራከርም። ጤፍማ ከአሥር እጥፍ ስንት ያልፋል። ጄሮም ግን አይለቀውም። አትሳት፣ እግዚአብሔር አይዘበትበትም ብሎ ይጠይቀዋል። የሰጠኸው ላለው ነው ወይስ ለሌለው? ላለው ከሆነ መስጠት አልነበረብህም። ለሌለው ከሆነ እንዳለው ሰው ቆጥረህ ለምን ትርፍ ትጠይቀዋለህ?

መልስ ያለው ይምጣ። እኔ የለኝም።

ሳልጨርስ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን ስለሚመለከት። የጴጥሮስ ራእይ የሚባል የ2ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ አለ። በግሪክ የቀረው ቁርጥራጭ ነው፤ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። የሚታወቁት የግእዝ ቅጂዎች ሁለት ሲሆኑ አንዱ ከጣና ደሴት ነው። እዚያ ውስጥ ገንዘብ አበድረው ወለድ የበሉ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ቆሻሻ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። እስከ አንገት አላለም፣ እስከ ጉልበት። ለምን ጉልበት እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። ሲለምኑት ያልተንበረከከ ጉልበት ነው መሰለኝ። ይሄ የእኔ ትርጓሜ ነው፣ የመጽሐፉ አይደለም።

በቆሎ ነጋዴ (ቡሬ)

ሁላችሁም ጻድቃን ናችሁ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። አንድ ሰጥቶ ሁለት የሚቀበለውን ሰውዬ አልከላከልም፣ እሱ ጅብ ነው። ግን ስለ ነቀዝ የሚያወራ ሰው እንዴት ጠፋ? ጥር ላይ መቶ ኪሎ በቆሎ ጎተራ አስገባና ሐምሌ ላይ ክፈተው። የምታገኘው በቆሎ አይደለም፣ ዱቄትና ክንፍ ነው። ክኒን ግዛ፣ ጆንያ ቀይር፣ ዘበኛ ቅጠር። ያቆየ ሰው ወጪ አለው። ቅዱሱ አባት ጎተራ ኖሮት ያውቃል?

መዝገብ አገላባጭ

የቡሬው ወንድሜ፣ ክርክርህ ለበቆሎ ልክ ነው። ልጅቷ ያለችው ግን ጤፍ ነው። ጤፍ አይነቅዝም። ነቀዙ ሊገባበት ቀርቶ ሊነክሰውም አይበቃውም። ስለዚህ ቄሱ በነቀዝ ማመካኘት አይችሉም። ሌላ ምክንያት ግን አላቸው፣ እመጣበታለሁ።

የማስተምረው ታሪክ ነው፣ በተለይ የእህልና የዋጋ ታሪክ። ሰባኪውም የኔታ ዘዋሸራም ያልነገሩሽን ልንገርሽ። ኒቅያ ከመሰብሰቧ ጥቂት ሳምንት በፊት፣ በዚያው በ325፣ ሚያዝያ ወር ላይ፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥቷል። ለተቸገረ ሰው እህል ወይም ወይንና ዘይት ያበደረ ሰው፣ በሁለት መስፈሪያ ሦስተኛ መስፈሪያ ጨምሮ ይቀበል ይላል። ሁለት ሰጥቶ ሦስት። አስቢው፣ ይሄው የእናንተ አንድ ተኩል ነው። በገንዘብ ደግሞ በወር ከመቶ አንድ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተ መንግሥቱ "ተኩል ይፈቀዳል" ሲል ጉባኤው "ካህን ከሆንክ ግን አንተ አትንካው" አለ። ንጉሡ በጉባኤው ተቀምጦ ነበር። አባትሽ ቄስ ባይሆኑ ኖሮ በሮማ ሕግ ንጹሕ ነበሩ።

ሕጉ አንድ ጥሩ ጥርስም አለው። ባለዕዳው ልክፈል ሲል አበዳሪው ወለዱ እንዲቆጥርለት ብሎ አልቀበልም ካለ፣ ወለዱንም ዋናውንም ያጣል። ለከተማው ነጋዴያችሁ አንብቡለት።

ተኩሉ ከየት መጣ? የግብፅን ፓፒረስ፣ በደንገል ወረቀት የተጻፈውን ጥንታዊ ሰነድ፣ ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል። የእህል ብድር ውል በመቶ የሚቆጠር ተርፏል፣ "ከነተኩሉ" የሚለው ቃል የተለመደ ነው። መመለሻው ብዙ ጊዜ ፓይኒ በሚባለው ወር ነው። ፓይኒ ማን መሰላችሁ? የእኛው ሰኔ ነው፤ የግብፅና የእኛ ወሮች አንድ ዘር ናቸው። እዚያ ዓባይ በክረምት ሞልቶ ሲመለስ ይዘራሉ፣ ሰኔ ድረስ ያጭዳሉ። ስለዚህ የግብፅ ገበሬ በሰኔ ዕዳውን ሲመልስ፣ ዓባይ የሚነሣበት የጎጃም ገበሬ በሰኔ ጆንያውን ጋቢው ስር አጣጥፎ ይወጣል። ውኃው አንድ፣ የጭንቁ ወር ተቃራኒ።

እንግዲህ ወደ ደብተርሽ። በጣም ጥሩ ደብተር ነው፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ቢመዘግቡልኝ። የሐምሌ ዋጋ ከጥር በሩብ ይበልጣል ብለሻል። ስለዚህ አባትሽ ስድስቱን ኩንታል ሐምሌ ላይ ሸጠው ብሩን ትራስ ስር ቢያደርጉት፣ ጥር ላይ በዚያ ብር ሰባት ኩንታል ተኩል ይገዙ ነበር። አሁን የተመለሰላቸውን ቁጠሪ። አምስት ሰው በአንድ ተኩል። ሰባት ኩንታል ተኩል። እህቴ፣ አባትሽ አምና አንዲት ቁና አላተረፉም! ዝም ብሎ ቢሸጥ የሚያገኘውን ነው ያገኙት። በእኩል መልሱልኝ ቢሉ ኖሮ፣ አንድም ሰው ሳይቀር ቢመልስ እንኳ፣ ከአምስት አንድ እጁን ይከስሩ ነበር።

ግን ሐቁን ልናገር። ስድስተኛው ቢመልስ ዘጠኝ ኩንታል ይሆን ነበር። ያ ሸጠው ከሚያገኙት ሰባት ተኩል በላይ በስድስት ወር ሃያ በመቶ ትርፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለብድር ወለድ ያስቀመጠው ጣሪያ በዓመት አሥራ ሁለት በመቶ ነው። (በወር ከመቶ አንድ ማለት ነው። የሮማው መቶኛ ራሱ፤ ጄሮም ቢነሣ ይስቃል።) ስለዚህ መልሱ በስድስተኛው ሰው ላይ ተንጠልጥሏል። በተዝካሩ ላይ።

በሙያችንም ክርክሩ እዚሁ ላይ ነው። ሞዝስ ፊንሊ የሚባለው የጥንቱ ዓለም ሊቅ የጥንት ብድር በአብዛኛው ለመብልና ለክብር እንጂ ለማምረት አልነበረም ይል ነበር። እንደሱ ከሆነ ወለድ መከልከል ድሃን ማዳን ነው። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ነጋዴውም ባንኩም ነበረ ብለው መዝገብ አወጡበት። በ1984 በፈረንጅ ማክሎስኪና ናሽ የሚባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝን የስንዴ ዋጋ በየወሩ ለኩት። ከመከር በኋላ ዋጋው እየወጣ የሚሄድበት ፍጥነት ራሱ ድብቅ ወለድ ነው አሉ። እህል ማስቀመጥ ገንዘብ ማሰር ነውና። ወለዱ ከባድ ስለነበር ገበሬው ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው እህል ትንሽ ነበር ብለው ደመደሙ። በዚህ ዓይን ሲታይ ማንም ባያበድር እንኳ ወለዱ ገበያው ላይ ቆሞ አለ። ከሐምሌ እስከ ጥር ያለው የሩብ ልዩነት ማለት ነው።

በ1998 በፈረንጅ ደግሞ ግሌዘርና ሻይንክማን የሚባሉ ሌሎች የኢኮኖሚ ሊቃውንት መጡ። የወለድ ክልከላ ጥንታዊ ኢንሹራንስ ነው አሉ። ዛሬ ያለው ለዛሬ ድሃ በርካሽ ይሰጣል፤ ነገ ዕጣው ሲገለበጥ እሱም በርካሽ ያገኛል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ግን ኢንሹራንስ የሚሠራው ጎተራው ክፍት ሲሆን ነው። ክልከላው ጎተራውን ከዘጋው ሰውየው ወደ ነጋዴው ይሄዳል። እናንተ ዘንድ የሆነው ይኸው ነው።

ዘዋሸራ

መምህር፣ ሒሳቡ ያምራል። ግን ስትደምር አንድ ነገር አለፈህ። አምስቱ ሰዎች ለስድስተኛው ከፈሉ ማለት አይደለም እንዴ? ያልበላሁትን ዕዳ ለምን እከፍላለሁ ቢሉስ? ያውም ለተዝካር።

መዝገብ አገላባጭ

የኔታ፣ እሱን እድር ይሉታል።

ዘዋሸራ

እድር ሲሆን ሁሉም በፈቃዱ፣ ያለውም የሌለውም እኩል ያዋጣል። ይሄ የሌላቸው ብቻ የሚያዋጡበት እድር ነው። ባለጎተራው ምን አዋጣ?

ደግሞ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ወለድ ከ"ወለደ" ነው። በግሪክም "ቶኮስ" ልጅም ወለድም ማለት ነው፤ አርስጣጣሊስ በዚሁ ቃል ተጠቅሞ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱ ከተፈጥሮ ውጭ ነው ብሏል። ዕብራይስጡ የባሰ ነው፣ "ንክሻ" ይለዋል። በቅዳሴው የምናውቀው ባስልዮስ በዚያው መዝሙር ላይ ሲሰብክ፣ ባለዕዳ ወሮችን ይፈራቸዋል፣ የወለድ አባቶች ናቸውና ይላል። አበዳሪውንም ይሥለዋል። ሲለምኑት የለኝም ብሎ ይምላል፣ እኔም የሚያበድረኝ እፈልጋለሁ ይላል። ለማኙ ወለድና መያዣ ሲጠራ ግን ግንባሩ ይፈታል፣ ፈገግ ይላል፣ የአባትህ ወዳጅ እኮ ነበርኩ ይላል። እስኪ ልይ፣ አንድ ሰው በአደራ ያስቀመጠብኝ አለ ይላል። ይሄን ሰውዬ በስም አውቀዋለሁ የማይል አለ?

ስለ ወለድ አገዱም። ስሙ ያሳስታል። ወለዱ አልታገደም፣ መሬቱ ላይ በቅሎ በየዓመቱ ይታጨዳል። የሮማው ጳጳስ እስክንድር ሦስተኛ በ1163 በፈረንጅ፣ በፈረንሳይ ቱር ከተማ ጉባኤ ሰብስቦ ለካህናቱ የከለከለው እንዲህ ያለውን መያዣ ነው። አባታችን ጤፋቸውን ሲዘጉ ያ ጎረቤት የገባበት ጉድጓድ ከተኩሉ ይከፋል። እዚህ ላይ ከመምህር ጋር ነኝ።

እታለም

እኔ ከደጃፉ ማዶ የነበርኩ ነኝ። አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ልጅ ሆኜ ጆንያ ይዛ የምትሄደው እናቴ ነበረች፣ አባታችን ከሞተ በኋላ። ተኩል ከፍለናል፣ አልረሳውም፣ ግን ቂምም የለኝም። ጥር ላይ ጤፉ ሲወጣ ተኩሉን መስፈር ቀላል ነው፤ ፊት ለፊትህ ክምር አለ። የሚከብደው ሐምሌ ላይ ስለ ዝናቡ ማውራት ነው። እናቴ ስለ ዝናቡ ስታወራ ድምጿ ይቀጥን ነበር። ከፊታችን ሌላ ሰው ካለ ወሬዋን አስረዝማ ያ ሰው እስኪሄድ ትጠብቃለች።

የቄሱ ልጅ፣ ለአባትሽ አንድ ነገር ንገሪው። ሰው መጥቶ ስለ ዝናቡ ማውራት ሲጀምር፣ ሳይጨርስ "ጆንያውን አምጣ" ይበለው። ሌላውን ጳጳሳቱ ይነጋገሩበት።

የቄሱ ልጅ (ከቢቸና ወዲህ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እታለም፣ አንቺን በተለይ። እናቴ የጻፍሽውን ሳነብላት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

የሆነውን ልንገራችሁ። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ከቤተክርስቲያን መልስ አባቴን አስቀምጬ ሁሉንም አነበብኩለት። "ከእንግዲህ ወዲህ" የሚለው ላይ አስቆመኝ። "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። ትንፋሹን ለቀቀ። ቆስጠንጢኖስ ላይ ግን ፊቱን አጠቆረ፤ "ንጉሥ ስለፈቀደ ነው እንዴ ቄስ የሚያደርገው?" አለ። የደብተሬን ሒሳብ ሲሰማ ደስ ብሎት፣ "አላተረፍኩም ማለት ነው?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ደግሞ ቅር አለው። "ይሄን ሁሉ ዓመት ሳላተርፍ ነው እንዴ የታማሁት?"

ጄሮም ላይ ስንደርስ ዝም አለ። "ላለው ነው ወይስ ለሌለው" የሚለውን ራሱ በቃሉ ደገመው። እንደ ቡሬው ሰው "ጎተራ ነበረው?" ብሎም ጠየቀ። መነኩሴ ነው አልኩት። "እንዲያ በል" አለ፣ እንደገባው ሰው።

ማታ እራት ላይ ፍርዱን ሰጠ። ለዘር የሚወስድ ሰው ዘርቶ ያገኝበታል፣ ተኩሉን ይጨምር፤ ተኩሉም ለእኔ አይደለም፣ ለቤተክርስቲያኑ ጧፍና ዕጣን ይግባ። ለቀለብ የሚወስድ የወሰደውን ያህል ይመልስ፣ አንዲት ፍሬ አይጨምር። እህቴ ስድስተኛው ሰውስ አለችው። "እሱን ለእኔ ተዉት፣ ከአምስቱ ላይ አልጭነውም" አላት። ዘዋሸራ፣ ይሄ ለአንተ ነው። ጄሮም ዘሩንም አልፈቀደም ብዬ ልከራከረው ነበር፤ እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

በማግሥቱ ደብተሩን ሁለት ዓምድ አድርጌ አሰመርኩት። አንዱ "ለዘር"፣ አንዱ "ለቀለብ"። ቁናው ከተሰቀለበት ወረደ። ወሬውም በአንድ ቀን አገር ምድሩን አዳረሰ።

እስከ ዛሬ ጧት ሰባት ሰው መጥቷል። አባቴ እንደ እታለም ምክር ስለ ዝናቡ ሳያስወራ ነው ጆንያ የሚቀበለው። ስድስቱ "ለቀለብ ነው" አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሁለት ጥንድ በሬ አለው፣ ጤፉንም ገና አልዘራም። አባቴ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሰፈረለት።

"ለዘር ነው፣ ተኩሉን እጨምራለሁ" ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አምና ያልመለሰው።